«ኮንታክት ነው» ብሎ ከመፈረም በፊት፦ ስለ እሳት ጉዳት ምርመራ ቃላት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር ነጋዴዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ቤቱ ወይም ሱቁ የተቃጠለበት ሰው የምርመራ ሪፖርት ሲደርሰው ግራ እንዳይጋባ በሚል፣ ሪፖርቱ ላይ የሚገኙትን ቃላት አንድ በአንድ ይፈታል። ሪፖርቱን ሳያነብ የሚፈርም ብዙ ሰው ስላለ ሐሳቡ ይበል የሚያሰኝ ነው። ጸሐፊው እሳቱ እንደጠፋ ፎቶ አንሱ፣ ፍርስራሹን አትጥረጉ፣ ለመድን ድርጅቱ ቶሎ በጽሑፍ አሳውቁ ማለታቸውም ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለንም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉ እያንዳንዱን ቃል እንደ ፍርድ ይወስደዋል። የተፈነቃቀለ አርማታ ከታየ ቤንዚን ተደፍቷል ይላል፤ የቀለጠ ሽቦ ከተገኘ ኮንታክት ነው ይላል፤ ጥቀርሻ ደግሞ ታጥቦ የሚለቅ ቆሻሻ ነው ይላል። ሪፖርት ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቃላት ግን መርማሪው በዓይኑ ያየውን ብቻ የሚገልጹ ናቸው። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ንጹሕ ሰው በገዛ ንብረቱ ቃጠሎ ይጠረጠራል፣ ካሳ ይቀራል፣ አለዚያም ሊደረመስ የተቃረበ ቤት ውስጥ ሰው ተመልሶ ይገባል።

«መነሻው ይበልጥ የተቃጠለው ቦታ ነው» ስለተባለው

የጽሑፉ ሌሎች ስሕተቶች በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚቀዱት። እሳት ይበልጥ የሚበላው የሚነድ ነገርና አየር በብዛት ያገኘበትን ቦታ ነው፤ ቀድሞ የተነሳበት ቦታ ከዚያ ጋር ሊገጥምም ላይገጥምም ይችላል። ቅዳሜ ገበያ የሚታየውን ዓይነት ሱቅ እንውሰድ። ሦስቱ ግድግዳ ድፍን ነው፤ መግቢያው ፊት ለፊት ያለው የላሜራ መዝጊያ ብቻ ነው። እሳቱ ከኋላ ካለ ሶኬት ተነሳ እንበል። ጭሱ ከኮርኒሱ ሥር ይጠራቀምና ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በአንዴ ይያያዛል። ባለሙያዎች ፍላሽኦቨር የሚሉት ይህን ነው። ከዚህ በኋላ ከኋላ ያለው አየር ስላለቀ ነበልባሉ የሚበረታው አዲስ አየር በሚገባበት በበሩ በኩል ነው። ሰው ደርሶ መዝጊያውን ሲሰብረው ደግሞ ይብሳል። በማግስቱ የሚታየው ታዲያ በሩ አካባቢ እስከ ወለሉ የነደደ፣ ከኋላ ግን ግማሽ መደርደሪያ የተረፈበት ሱቅ ነው። በጽሑፉ መመሪያ የሚሄድ ሰው «ከበር ተነሳ፤ ከውጭ ሰው ለኮሰው» ብሎ ይደመድማል።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ሁለት ክፍሎች ሆን ተብሎ ተቃጥለው ከፍላሽኦቨር በኋላ ለሁለት ደቂቃ ያህል እንዲነዱ ተደረገ። ከዚያ 53 መርማሪዎች እሳቱ ከክፍሉ አራት ሩብ በየትኛው እንደተነሳ ተጠየቁ። በእያንዳንዱ ክፍል ትክክለኛውን ሩብ የለዩት 3 ብቻ ነበሩ። ዕጣ ቢያወጡ እንኳ 13 ያህሉ ያገኙት ነበር!

ሌላው፣ ጽሑፉ «መነሻ ቦታ»ንና «የቃጠሎ ምክንያት»ን እንደ አንድ ነገር አስቀምጧቸዋል። ምክንያት የሚባለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ሙቀቱን የሰጠው ምንድን ነው፣ መጀመሪያ የተያያዘው ዕቃ ምንድን ነው፣ ሁለቱን ያገናኛቸው ሁኔታ ምንድን ነው። «ምክንያት፦ ሶኬት» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት መነሻ ቦታን ነው የተናገረው። ከሶኬቱ አጠገብ ምን ነበር? ካርቶን ነው? መጋረጃ ነው? ሶኬቱ ላይ የተሰካውስ ምን ነበር? እነዚህ ካልተመለሱ ምክንያቱ አልተጻፈም ማለት ነው።

ስለ ቪ ቅርጽ፣ ስለ አዞ ቆዳና ስለ መስታወት

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ እናልፋቸዋለን። ጸሐፊው እሳት በግድግዳ ላይ የሚተወው የቪ (V) ቅርጽ ያለው ምልክት ጠባብ ከሆነ እሳቱ ፈጣን ነበር፣ ሰፊ ከሆነ ዝግተኛ ነበር ይላሉ። የቅርጹን ስፋት የሚወስኑት ግን የነደደው ዕቃ መጠን፣ የአየሩ አገባብ፣ የግድግዳው ዓይነትና የኮርኒሱ ከፍታ ናቸው። ከላይ እየነደደ የወደቀ የኮርኒስ ቁራጭም በወደቀበት ቦታ የራሱን ቪ ይሠራል። የከሰለ እንጨት እንደ አዞ ቆዳ በትልልቁ መሰነጣጠቁና ማብለጭለጩም ነዳጅ መደፋቱን አያሳይም፤ ያለ አንዳች ነዳጅ በነደደ እንጨት ላይም የሚታይ ነው። የመስኮት መስታወት በደቃቁ የሸረሪት ድር መሥራት ደግሞ «ድንገተኛ ኃይለኛ ሙቀት» ተብሎ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ቢሆንም፣ በአብዛኛው የሚከሰተው የጋለው መስታወት ላይ ውኃ ሲረጭ ነው። ኤንኤፍፒኤ 921 የተባለው የአሜሪካ የእሳት ምርመራ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ልማዳዊ ትርጓሜዎች ሲያርም ቆይቷል። ጸሐፊው የተጠቀሙት ከዚያ በፊት የነበረውን ነው።

«አርማታው ከተፈነቃቀለ ቤንዚን ተደፍቷል» ስለተባለው

ይህኛው ሰው የሚያሳስር ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

አርማታ ከደረቀ በኋላም በውስጡ እርጥበት አለ፤ በቅርቡ የተሞላ ሶሌታ (የአርማታ ወለል ወይም ጣሪያ) ደግሞ የበለጠ ይኖረዋል። ሙቀቱ በፍጥነት ሲጨምር እርጥበቱ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ የላይኛውን ንብርብር ይፈነቅለዋል። ውስጡ ያለው ፌሮና ዙሪያው ያለው አርማታ እኩል አለመለጠጣቸውም ያግዛል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጋለ አርማታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲረጩም ይፈነቀላል። ከእነዚህ አንዱም ቤንዚን አይፈልግም። እንዲያውም ወለል ላይ የተደፋ ቤንዚን ከሥሩ ያለውን አርማታ ለጊዜው ይከላከለዋል። የሚነደው ከላይ ያለው ተን ነው፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ከሥሩ ያለው ወለል ከፈሳሹ የመፍያ ሙቀት ብዙም አይዘልም። የመፈነቃቀል ምልክት በብዛት የሚገኘው በሶሌታው ሥርና በቢሙ ላይ ነው፤ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና። ወደ ጣሪያ ቤንዚን የሚደፋ ሰው ደግሞ የለም።

ጸሐፊው ቤንዚን ፍለጋ ላይ ስላተኮሩ ዋናውን ጉዳይ ዘለሉት። የተፈነቀለ አርማታ የሚያስነሳው ጥያቄ «ይህ ኮለን ከዚህ በኋላ ይሸከማል ወይ?» የሚል ነው። አርማታ እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ብዙ ጥንካሬ አያጣም፤ 600 ሲደርስ ግን ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝም አይመለስለትም። ፌሮው በ550 እና በ600 ዲግሪ መካከል ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። በሙቀት የተዳመጠ ፌሮ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ያገግማል፤ በቀዝቃዛው ተጠምዝዞ የጠነከረው ግን የጠፋበትን አይመልስም። ስለዚህ ፌሮው በዓይን ከታየ ምን ዓይነት ፌሮ እንደሆነ ይጠየቃል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ አጠራጣሪ ከሆነው ሶሌታ ሥር ድጋፍ እንጨት፣ ማለትም ፑንቴሎ ይቆማል፤ ሰው ገብቶ የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ በመዶሻ እየተመታ ድምፁ ይሰማል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከውስጥ ተላቋል። ከዚያ የአርማታውን ገጽ ጥንካሬ በቁጥር በሚያሳየው፣ የመንጠሪያ መዶሻ በተባለው መሣሪያ የተቃጠለው ክፍልና ያልተቃጠለው ክፍል ይለካሉ፤ ቁጥሩ ትርጉም የሚሰጠው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው። ጥርጣሬ ካለ በመጨረሻ ናሙና በመሰርሰሪያ ተቆርጦ በላቦራቶሪ ይሰበራል። ጽሑፉ «አርማታው ሮዝ ካልሆነ አልተጎዳም» ይላል። እርግጥ አንዳንድ አርማታ ከ300 ዲግሪ በላይ ወደ ሮዝነት ይሄዳል፤ ነገር ግን ለውጡ የሚመጣው ከጠጠሩና ከአሸዋው ዓይነት ነው። ጎንደር ውስጥ እንደተለመደው ጠጠሩ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን ቀለሙ በግልጽ ላይለወጥ ይችላል። ሮዝ ከታየ ምልክት ነው፤ አለመታየቱ ግን የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። ከምርመራው በፊት በልስን መሸፈን ደግሞ ማስረጃውንም አደጋውንም አብሮ መቅበር ነው።

«ሽቦው ከቀለጠ ኮንታክት ነው» ስለተባለው

እሳት በተነሳ ቁጥር አፍ ላይ የሚቀድመው «ኮንታክት ነው» ነው። ጸሐፊውም የቀለጠ መዳብ ጫፍ ላይ እንደ ዶቃ የተድበለበለ ጉብታ ከተገኘ ምክንያቱ ተረጋገጠ ይላሉ።

ጉብታው የሚነግረን ሽቦው ሲጎዳ መብራት እንደነበረበት ነው። እሳቱ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሽቦውን ፕላስቲክ ሲያቃጥለው ሁለቱ መዳቦች ይነካካሉ፤ ያኔም ያው ጉብታ ይፈጠራል። ስለዚህ ሽቦው አስነሺም ተጎጂም ሊሆን ይችላል፤ ጉብታውን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በብርቱ ቃጠሎም አንዳንዴ ይቀልጣል። ያን ጊዜ ግን ድንበሩ ያልለየ፣ እየቀጠነና እየተንጠባጠበ የሄደ ቅርጽ ይሰጣል። የኤሌክትሪኩ ጉብታ አጠገቡ ካለው ጤነኛ ሽቦ በግልጽ መስመር ይለያል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከእሱ ምንም መናገር አይቻልም።

ጉብታዎቹ የሚጠቅሙት በካርታ ሲቀመጡ ነው። አንድ መስመር በብዙ ቦታ ተበጣጥሶ ከተገኘ፣ ከቆጣሪው በጣም የራቀው ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱም መስመሩ ለቆጣሪው ቅርብ በሆነ ቦታ ቀድሞ ቢቆረጥ ኖሮ ከዚያ ወዲያ መብራት አይደርስም፤ ጉብታም አይፈጠርም። ለዚህ ነው ከቃጠሎ በኋላ ሽቦ መጎተት፣ መጠቅለል፣ በተለይ መዳቡን ለቆራሌው መሸጥ ትልቅ ጥፋት የሚሆነው። የብሬከሮቹን እጀታ ሳይነኩ እያንዳንዱን ፎቶ ማንሳት ይገባል። ብሬከር ወርዶ መገኘቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሙቀት ብቻም ይወርዳል።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ምክንያት ልል ግንኙነት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። የሶኬቱ ብሎን ላልቶ በዚያች ነጥብ ላይ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 16 በ16 ተባዝቶ በ0.5 ሲባዛ 128 ዋት ይመጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ከጣት ጫፍ በማትበልጥ ቦታ ላይ ነው። ብሬከሩ የሚያየው ግን የተለመደውን 16 አምፔር ነው፤ ስለዚህ አይወርድም። ፕላስቲኩ ለወራት እየጠቆረ ይቆይና አንድ ቀን ይያያዛል። በዚህ ውስጥ መነካካት የሚባል ነገር የለም። ምጣዱ ለ10 አምፔር በተሠራ ዲቫይደር ላይ ሲሰካ ደግሞ ገመዱ ራሱ ይግላል፤ በተለይ ተጠቅልሎ ከምንጣፍ ሥር ከሆነ። መብራት ጠፍቶ የመጣበትን ሰዓት ጎረቤት ጠይቆ መመዝገብም ይጠቅማል፤ ያልተነቀለ ምጣድ ወይም ካውያ ሰው በሌለበት የሚግለው ያኔ ነውና።

ስለ «ያልታወቀ» እና ስለ ናሙና

ጽሑፉ በሪፖርቱ ላይ «ምክንያቱ አልታወቀም» ከተባለ መርማሪው ባለቤቱን ጠርጥሯል ማለት ነው ይላል። አይደለም። ቃጠሎ በአራት ይመደባል፦ ድንገተኛ፣ ተፈጥሯዊ፣ ሆን ተብሎ የተለኮሰ፣ ያልታወቀ። አራተኛው ማስረጃው ለሦስቱ አልበቃም ከማለት ሌላ ትርጉም የለውም። አስጊው ተቃራኒው ነው፦ «ኤሌክትሪክ አላገኘንም፣ ሻማ አላገኘንም፣ ስለዚህ ሰው ነው ያቃጠለው» የሚል ሪፖርት። ሌላውን በመሰረዝ ብቻ እዚህ ድምዳሜ ላይ መድረስ ሳይንሳዊ አለመሆኑን ኤንኤፍፒኤ 921 በ2011 እ.ኤ.አ. እትሙ አስፍሯል። እንዲህ ያለ ሪፖርት የደረሰው ሰው የላቦራቶሪ ውጤቱን ይጠይቅ።

ናሙናን በተመለከተ ጸሐፊው «በፌስታል አሽጉት» ማለታቸው መታረም አለበት። የነዳጅ ተን በተራ ፌስታል ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ከውጭ ያለውም ሊገባ ይችላል። የሚያስፈልገው ንጹሕ፣ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ወይም የመስታወት ማሰሮ ነው፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም፣ ተኑ መጠራቀሚያ ይፈልጋልና። ካልተጠረጠረው ቦታም ተመሳሳይ ዕቃ ለማነጻጸሪያ ይወሰዳል። የስፖንጅ ፍራሽና የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲነዱ ነዳጅ የሚመስል ቅሪት ስለሚተዉ፣ ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ብዙ አይታመንም። ይህ ሥራ በመሠረቱ የፖሊስ ነው፤ ባለቤቱ የሚጠበቅበት ናሙናው በምን ዕቃ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት እንደተወሰደ መጻፍ ነው።

«ጥቀርሻ በውኃና በሳሙና ይለቃል» ስለተባለው

የወረቀትና የእንጨት ጥቀርሻ ደረቅ ዱቄት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ ወደ ቀለሙ ውስጥ ይሰርጋል። መጀመሪያ በአየር መሳቢያ ወይም በደረቅ ስፖንጅ ይነሳል። የፕላስቲክና የጎማው ቅባታም ስለሆነ ቅባት የሚያነሳ ሳሙና ይፈልጋል፤ ግድግዳ ሲታጠብ ከታች ወደ ላይ መሄዱ ይሻላል፣ የሚወርደው ጥቁር ውኃ በደረቀው ላይ መስመር እንዳያወጣ። የተቃጠለ የምግብና የቅባት ጭስ ደግሞ በዓይን እምብዛም ሳይታይ ሽታው ብቻ ይቀራል።

ከመልኩ በላይ የሚያስጨንቀው አሲዱ ነው። የሽቦ ሽፋንና የፒቪሲ ቱቦ ሲነዱ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይወጣል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። እሳት ያልነካው ፍሪጅ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን፣ የቆርቆሮ ጣሪያ በቀናት ውስጥ ዝገት የሚያበቅለው በዚህ ነው። ኤሌክትሮኒክስን «ይሠራል ወይ» ብሎ ማብራት ውስጡን ያሳርረዋል፤ ሳይበራ በባለሙያ ይከፈት። በማዳበሪያ ያለ በርበሬ፣ ቡናና ጤፍ ሽታውን ይጠጣል፤ ለሰው የሚሸጥ አይሆንም። በሪፖርቱ ውስጥ «የጭስ ጉዳት» ከ«ቃጠሎ ጉዳት» ተለይቶ ለብቻው መስመር መያዝ ያለበትም ለዚህ ነው፤ አለዚያ «አልተቃጠለም» ተብሎ ይታለፋል።

«ግድግዳው ከቆመ ቤቱ ደህና ነው» ስለተባለው

የፋሲል ግቢን ግንቦች የሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህን መቀበል አልነበረበትም። ግድግዳቸው ቆሞ ወለላቸውና ጣሪያቸው የጠፋ ስንት አሉ! ድንጋይ ይቆማል፤ የሚሄደው እንጨቱ ነው። በባህር ዛፍ ምሰሶና ወራጅ በተሠራ የጭቃ ቤት ውስጥ ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ጠንካራ እንጨት በብርቱ እሳት ውስጥ በደቂቃ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከስላል። በግማሽ ሰዓት 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከከሰሉ ሥር ደግሞ በሙቀት የተዳከመ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆጠራል። ስለዚህ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የነበረው ወራጅ ከሁለቱም ጎን 2.2 ሲቀንስ 7.6 ብቻ የሚሸከም ይቀረዋል። መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሩቅ ሲታይ ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ ይመስላል እንጂ ያው ወራጅ ነው። ከሰሉን በመሮ ፍቆ ቀሪውን መለካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መለኪያው ሪፖርቱ ላይ በቁጥር ይፈለግ።

ስለ ካሳ ቃላት

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሦስት ነገር ተሳስቷል። የመጀመሪያው፣ እሳት ለማጥፋት የተረጨ ውኃ ያበላሸው ዕቃ አይካስም ማለቱ ነው። በእሳት መድን አሠራር ይህ የእሳቱ ቀጥተኛ ውጤት ተደርጎ ይታያል፤ ፖሊሲው በግልጽ ካላስቀረው በዝርዝሩ ይግባ። ሁለተኛው፣ የጢስ ሽታ የያዘውን ዕቃ ገማቹ ሳይመጣ በቅናሽ ሽጡት የሚለው ምክር ነው። ይህ የተረፈ ንብረት፣ ማለትም ሳልቬጅ ነው፤ ዋጋው ከካሳው ላይ ተሰልቶ የሚቀነስ በመሆኑ ሳይቆጠር ከተሸጠ ክርክሩ ማብቂያ የለውም።

ሦስተኛውና ኪስ የሚጎዳው፣ «የሚከፈለው ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ከፍ አድርጋችሁ ጠይቁ» የሚለው ነው። የተጻፈው ገንዘብ ጣሪያ ነው። ዕቃው ከዋጋው በታች መድን ከተገባለት ደግሞ ካሳው በዚያው መጠን ይቀንሳል። ምሳሌ፦ ሱቁ ውስጥ 4,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ አለ፤ መድን የተገባው ግን ለ2,500,000 ነው። የ1,200,000 ብር ዕቃ ቢቃጠል፣ 2,500,000 ለ4,000,000 ተካፍሎ በ1,200,000 ሲባዛ የሚከፈለው 750,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ የባለቤቱ ድርሻ፣ ማለትም ኤክሰስ ይነሳል። ጥያቄውን ማጋነን ይህን ስሌት አይለውጠውም፤ ማጋነኑ ከተረጋገጠ ግን ሙሉ ካሳውን ሊያሳጣ ይችላል። ስሌቱን የሚለውጠው የዕቃ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የመድኑን መጠን ማስተካከልና የግዢ ደረሰኞቹን ቅጂ ከሱቁ ውጪ ማስቀመጥ ነው። በሪፖርቱ ካልተስማማችሁም ቃሉን ጠቅሳችሁ በየትኛው ፎቶና በየትኛው መለኪያ ላይ እንደተመሠረተ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሁለተኛ ባለሙያ የምታስገቡ ከሆነም ፍርስራሹ ሳይነሳ ይሁን።